ጡት ከጣሉ በኋላ ያሉት ሳምንታት፦ የፈረንሳይ ጥንቸል አርቢዎች ወረርሽኝና የአሰር ጉዳይ

በ1996 ማብቂያ ላይ በምዕራብ ፈረንሳይ ባሉ የጥንቸል እርባታዎች ግልገሎች እንደ ቅጠል ይረግፉ ጀመር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለአካባቢው አርቢ ተቅማጥ አዲስ ነገር አልነበረም። ጡት ከጣሉት መካከል ጥቂቱን በሆድ ሕመም ማጣት ከሥራው ወጪ ጋር ተደምሮ የሚታሰብ ነበር። ይህኛው ግን ሌላ ነው። በሽታው ገብቶበት ሕክምና ባላገኘ ቤት ከመቶ 30፣ ሲከፋም እስከ 80 የሚደርሱ ግልገሎች ይሞቱ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ ቤልጅየምን፣ ኔዘርላንድስን፣ እንግሊዝንና ሀንጋሪን አዳረሰ።

የሚይዘው ጡት የጣሉትን ነው፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 14 ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን። መጀመሪያ መኖ ይተዋሉ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው ይነፋል። አንዷን አንስቶ ቀስ ብሎ የነቀነቃት ሰው በሆዷ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጥርሷን እያፋጨች ትኮራመታለች፤ ትንሽ ውሃማ ተቅማጥ ይታያል፣ አንዳንዴም ዝልግልግ ንፍጥ ብቻ ይወጣል። ከሞተች በኋላ ሲከፍቷት ጨጓራዋ በፈሳሽና በጋዝ ተወጥሮ ይገኛል፤ ትንሹ አንጀትም እንደዚያው ነው። በአንዳንዶቹ ደግሞ ሴከም የተባለው ትልቁ የአንጀት ከረጢት ውስጡ ደርቆ ተጠቅጥቋል። የእንስሳት ሐኪሞችን ግራ ያጋባቸው ግን የሌለው ነገር ነበር፤ አንጀቱ አልቀላም፣ አልቆሰለም፣ ደምም አይታይበትም። አንጀቱ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፣ ሥራውን ግን አቁሟል።

በቱር ከተማ አቅራቢያ ኑዚዪ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ የግብርና ምርምር ተቋም (ኢንራ) ጣቢያ ዶሚኒክ ሊኮዋና ባልደረቦቹ የታመሙ ጥንቸሎችን የአንጀት ይዘት ወስደው ከማናቸውም የታወቀ በሽታ ነፃ ሆነው ላደጉ ጥንቸሎች ሰጡ። እነዚያም ታመሙ። ስለዚህ በሽታው ተላላፊ ነው። ነገር ግን ይህ ነው የሚባል ቫይረስም ሆነ ጥገኛ ተውሳክ አልተገኘም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ በታመሙት አንጀት ውስጥ በብዛት ተገኝቷል፤ ብቻውን ተሰጥቶ ግን በሽታውን በትክክል ሊያስነሳ አልቻለም። እስከ ዛሬም ይኸው ነው ተብሎ የተረጋገጠ አንድ ተጠያቂ የለም። ስሙም ምክንያቱን ሳይሆን የሚታየውን የሚገልጽ ሆኖ ቀረ፤ ወረርሽናዊ የጥንቸል የአንጀት በሽታ።

አርቢው መጀመሪያ የሮጠው ወደ መድኃኒት ነበር፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ባሲትራሲንና ቲያሙሊን በመኖ ወይም በውሃ ሲሰጡ ሞቱ ይቀንሳል። ሲቆሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መሀል የአውሮፓ ኅብረት ለእድገት ማፋጠኛ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችን ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከለከለ። ከጥር 28 ቀን 2022 ወዲህ ደግሞ መላውን መንጋ ለመከላከል ብሎ በልማድ አንቲባዮቲክ መስጠትንም ሕጉ ዘግቶታል። መድኃኒቱ ጊዜ ገዝቷል፤ ጊዜው የተገዛለት ሥራ ግን በመኖ ገንዳው ላይ የሚሠራ ነበር።

ከረጢቱ

ጥንቸል ሳር በል ናት፣ ሆኖም እንደ ላም ከፊት በኩል የሚያብላላ ሆድ የላትም። ማብላያዋ ከኋላ ነው፤ በአንጀቷ ውስጥ ካለው ይዘት ከመቶ 40 ያህሉ ሴከም ውስጥ ይገኛል። በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች በትንሹ አንጀት ያልተፈጨውን አሰር (ፋይበር) እያብላሉ አሴቴት፣ ቡቲሬትና ፕሮፒዮኔት የተባሉ አሲዶችን ይሠራሉ። አሲዶቹ ለእሷ ጉልበት ናቸው፤ የከረጢቱን አሲድነት ወደ 6 ፒኤች አካባቢ በመያዝም ክፉዎቹ ባክቴሪያዎች እንዳይሰለጥኑ ያደርጋሉ። በቀን አንድ ጊዜ የሴከሙ ይዘት ለስላሳና በንፍጥ የተሸፈነ ሆኖ ይወጣል፤ ጥንቸሏም ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ተቀብላ ትውጠዋለች። መሬት ላይ የምናየው ደረቅ በጠጥ ሌላ ነው። ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር የቆጠራት አፏ ሥራ ሲፈታ ስላልታየ ይሆናል፤ የተመለሰ ምግብ መብላቷስ እውነት ነው። ኦርቶዶክሳዊው ወገናችን ሥጋዋን የማይበላውም ከዚሁ ምዕራፍ የተነሳ ነው።

ግልገሉ ሲወለድ ይህ ሁሉ ገና የለም። እናቲቱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ታጠባለች። ወተቷ ስብ የበዛበት ነው፤ በውስጡ ያሉት የስብ አሲዶችም ባክቴሪያን ይገታሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎጆው ውስጥ ጥቂት ደረቅ በጠጥ ጥላ ትወጣለች፣ ግልገሎቹም ይቀማምሱታል። ተመራማሪዎች ይህን በጠጥ ሲያነሱባቸው የሴከማቸው ባክቴሪያ ለመጎልመስ ዘገየ። ጎጆ ሲያጸዳ በጠጡን አንድ ሳያስቀር የሚለቅም አርቢ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው። በ18ኛው ቀን ገደማ ግልገሉ ጠንካራ ምግብ መሞከር ይጀምራል፣ ለስላሳውን መብላትም በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይከተላል። በተለመደው የፈረንሳይ እርባታ ታዲያ ከ28 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ከእናቱ ይለያል፤ በ70 ቀኑ ደግሞ 2.4 ኪሎ ገደማ መዝኖ እንዲታረድ ይጠበቃል። የወተቱ መከላከያ የሚቋረጠው ከረጢቱ ገና ሥራውን ሲለማመድ መሆኑ ነው።

አሰር እንደ ምግብ

በቱሉዝ የኢንራ ማዕከል ቲየሪ ጂደንና ባልደረቦቹ በአሰር ላይ መሥራት የጀመሩት ከወረርሽኙ በፊት ነው። ወረርሽኙ ሥራቸውን የሚቸኩልበት ሰው እንዲበዛ አደረገ እንጂ ጥያቄውን እሱ አላመጣውም። ያኔ ብዙው የመኖ አቀናባሪ አሰርን የሚያየው ቦታ እንደሚይዝና ዕድገት እንደሚያዘገይ ነገር ነበር። ከቱሉዝ የወጣው መልስ ሌላ ሆነ። ለትንሽ ጥንቸል አሰር ከፕሮቲን ባልተናነሰ የሚሰላ ነው፤ ያውም በዓይነቱ ተለይቶ።

አንደኛው ዓይነት የማይብላላው፣ ግንድና ገለባ የሚያጠነክረው ሊግኒን ነው። ከሴሉሎስ ጋር ሆኖ ምግቡ በአንጀት ውስጥ ቶሎ እንዲያልፍ ይገፋል። ምግብ ሴከም ውስጥ በተጓተተ ቁጥር መጥፎው መፍላት ይበረታል፤ ሊግኒን ሲያንስ የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው ዓይነት በቀላሉ የሚብላላው፣ ስኳር በሚወጣበት ሥራሥር (ስኳር ቢት) ተረፈ ምርትና በለጋ ቅጠል የሚገኘው ፔክቲንና ሄሚሴሉሎስ ነው። እሱ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ጥንቸሏ ትተርፋለች እንጂ አታድግም፤ ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ይሞላል እንጂ አይፈስም።

ጥናቶቹ በቁጥር ያስቀመጡት እንዲህ ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በላብራቶሪ ኤዲኤፍ ተብሎ የሚለካው የሴሉሎስና የሊግኒን ድምር ከመኖው ቢያንስ 19 በመቶ ይሁን። ከዚያም ውስጥ ሊግኒኑ ብቻውን 5.5 በመቶ ያህል ይድረስ። ስታርች ከ14 በመቶ አይለፍ። ከ42ኛው ቀን በኋላ ልጓሙ ይላላል፤ ኤዲኤፉ ወደ 17 ሊወርድ፣ ስታርቹ ወደ 20 ሊጠጋ ይችላል። ፕሮቲንም ያለ ልክ መጨመር የለበትም፤ የተረፈው ወደ ሴከም ወርዶ አሞኒያ ይሆናል፣ ክሎስትሪዲየምም ይወደዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በፈረንሳይ ፋብሪካ መኖ ውስጥ የሚሸከመው በዋናነት ደርቆ የተፈጨ አልፋልፋ ነው፤ ከጎኑ የሱፍ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የስኳር ቢት ተረፈ ምርት፣ አንዳንዴም ገለባ ይገባል። መኖው በእንክብል መልክ ቢቀርብም ውስጡ በብዛት የመኖ ተክል ነው ማለት ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ አፈጫጨቱ። እጅግ የላመ አሰር በወረቀት ላይ 19 በመቶ ቢያሳይም በአንጀት ውስጥ እንደ ሻካራው አይገፋም፣ ይቆያል።

ችግሩ የጠነከረው ግን ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም፣ በእናትና በልጅ የጋራ ገንዳ ላይ ነው። ግልገሉ ጡት ከመጣሉ በፊት የሚለማመደው እናቱ የምትበላውን ነው። እናቲቱ ደግሞ እያጠባች፣ ብዙውን ጊዜም ዳግም አርግዛ፣ ጉልበት ሰጪ መኖ ትፈልጋለች። ለእሷ የሚስማማው ስታርች የበዛበት መኖ ለልጇ ከረጢት የተሳሳተ ጅማሮ ነው፤ ለልጇ የሚስማማው አሰር የበዛበት ደግሞ እሷን ያከሳታል። አርቢዎቹ ያደረጉት ሦስተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ገንዳውን ወደ ግልገሎቹ መኖ ማዞር ነው፤ የእናቲቱን ክሳት ይችሉታል። እኔም ብሆን ይህን እመርጥ ነበር። እናት የከሳችውን ትመልሳለች፤ የሞተ ግልገል የሚመለስበት መንገድ የለም።

ያልተጠበቀው መንገድ፦ ማሳነስ

አሰሩ ሞቱን ቀነሰ እንጂ ወረርሽኙን አላቆመውም። ጥሩ መኖ የሚበሉ ቤቶችም ተመቱ። ከ2000 በኋላ ግን የፈረንሳይ የጥንቸል ምርምር ጣቢያዎች ተባብረው በበርካታ ቦታዎች አንድ ሐሳብ ፈተሹ። ጡት የጣሉት ግልገሎች ለሦስት ሳምንት ያህል እንዳሻቸው ከሚበሉት 80፣ 70 ወይም 60 በመቶውን ብቻ አገኙ። ቢያንስ 20 በመቶ የተቀነሰባቸው በሆድ ችግር የሚታመሙትም የሚሞቱትም አነሱ። በነዚያ ሳምንታት ዕድገታቸው ይዘገያል፤ ልክ ሲለቀቅላቸው ደግሞ ፈጥነው ያካክሳሉ። በ70 ቀናቸው ክብደታቸው በጥቂቱ ቢያንስም ለአንድ ኪሎ ሥጋ የበሉት መኖ ያነሰ ሆነ። መኖ በሚወደድበት አገር ይህ ብቻውን ያሳምናል፤ ዘዴውም በአብዛኛው የፈረንሳይ ባለሙያ አርቢ ዘንድ የተለመደ ሆነ።

አፈጻጸሙ ግን እንደ ወሬው ቀላል አይደለም። አንዱ መዝኖ ያቀርባል፣ ሌላው ገንዳውን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ይከፍታል፣ ውሃ በመገደብ መኖውን ያሳነሰም አለ፤ የመጨረሻውን እኔ አልደግፈውም። ገንዳው ሲከፈት ግልገሎቹ እኩል ይሯሯጣሉ። አፍ የሚያስገቡበት ቦታ ከጠበበ ጠንካራው ይጠግባል፣ ደካማው በአማካዩ ላይ ብቻ የበላ ሆኖ ይቀራል። የተራበ እንስሳ ማሳደግ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክርም አልተዘጋም።

የዚህ ጉዳይ ዋና ነገር ለእኔ እዚህ ጋ ነው። አሰር መጨመርና መኖ ማሳነስ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ይመስላሉ፤ ለከረጢቱ ግን ወደ አንድ ይመጣሉ። ሁለቱም በቀን ወደ ሴከም የሚገባውን በቀላሉ የሚፈላ ነገር ያሳንሳሉ። አረንጓዴ መኖ ደግሞ ሁለቱን በአንድነት ይሠራል። ትኩስ ሳር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ነው፤ ጥንቸሏ ቀኑን ሙሉ ስታኝክ ውላ የምታገኘው ጉልበት ልክ አለው። ማንም ሳይመዝንላት፣ ሳትራብም፣ በራሱ የተመጠነ ነው።

በሳር ላይ

ይህን እስከ መጨረሻው የሄዱበት በፈረንሳይ ያሉት ኦርጋኒክ አርቢዎች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ መሠረት ጥንቸል ከምትበላው ቢያንስ 60 በመቶው ትኩስ ሳር፣ ድርቆሽ ወይም ሌላ የመኖ ተክል መሆን አለበት። የአየሩ ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ ግጦሽ ማግኘት አለባት፤ ሳሩ ካልበቃ ድርቆሽ ወይም ገለባ ይቀርብላታል። ግልገሉ ቢያንስ 42 ቀን የእናት ወተት ያገኛል። ከተለመደው እርባታ ጋር ሲነጻጸር ይህ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ወተቱ የሚቆመው ከረጢቱ ሥራውን ካወቀ በኋላ ይሆናል።

ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ወለሉ ወደ ሳሩ የተከፈተ ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። በየቀኑ አንድ እርምጃ ወደ አዲስ ሳር ይገፋል፤ ከኋላው የተጋጠና በበጠጥ የተነጠፈ መሬት ይቀራል። ፈስኪው የተባለው ሳርና ሴንፎይን የተባለው ናይትሮጅን የሚያስር የመኖ ተክል በምርምር ጭምር ተወዳድረዋል፤ በሴንፎይን ላይ የተሻለ አድገዋል። ቢሆንም በሳር ላይ ያለች ግልገል በቀን 20 ግራም ገደማ ትጨምራለች፤ በፋብሪካ እንክብል የምታድገዋ ግን 40 እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ በ70 ቀን ፋንታ 100 ቀንና ከዚያ በላይ ትቆያለች። በዚያ ላይ ግጦሽ የራሱ ጠላት አለው፤ ኮክሲዲያ የተባለው በበጠጥ የሚተላለፍ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ። ቤቱን በየቀኑ ማንቀሳቀሱ ለሳሩ ብቻ ሳይሆን ግልገሎቹ በትናንቱ በጠጣቸው ላይ ዳግመኛ እንዳይግጡ ነው። ቶሎ ወደዚያው መሬት የተመለሰ ሰው ከአንጀት ወረርሽኙ ቢያመልጥ በኮክሲዲያ ይያዛል። ሥራው ብዙ፣ ሥጋው ውድ ነው፤ አርቢዎቹም ጥቂት ናቸው።

ሳር ሁሉ አሰር ነው ብሎ መዝናናትም አያዋጣም። አበባ ያላወጣ ለጋ አልፋልፋ ፕሮቲኑ ከ20 በመቶ ያልፋል፣ ሊግኒኑ ግን ትንሽ ነው፤ ለ35 ቀን ግልገል እሱን ብቻ መስጠት ከረጢቱን በሚፈላ ነገር መሙላት ነው። በአበባው ጊዜ ታጭዶ የደረቀው የተሻለ ይገፋል። ደግሞም ጥንቸል መራጭ ናት። ድርቆሽ ባቀረብንላት ማግስት የድርቆሽ ማስቀመጫውን ያየ ሰው ቅጠሉ ተለቅሞ፣ ቀጫጭኑ ጫፍ ተቆርጦ፣ ወፍራሙ ግንድ ብቻ ቀርቶ ያገኛል። የቀረበው ሲመረመር 19 በመቶ ኤዲኤፍ ነበር ይሆናል፤ የበላችው ግን ያነሰ ነው። የሚሻለው በቀረው መጠን ላይ ተመሥርቶ የሚቀጥለውን ማሳነስ ነው፤ ግንዱን ጥሎ በየቀኑ አዲስ ቅጠል መሙላት ምርጫዋን ማበረታታት ነው።

በአገራችን ጥንቸል ለሥጋ ማርባት ገና በጥቂት ሰዎች እጅ ነው፤ የሚያረቡትም የፋብሪካ የጥንቸል መኖ እንደ ልብ ስለማያገኙ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ፣ ዝሆኔ ሳርና የጓሮ ቅጠል እያቀላቀሉ ነው። ከፈረንሳዩ ጉዳይ በቀጥታ የሚወሰደው ለእነሱ ነው። ፉርሽካ አሰር አለው ይባላል፤ ሊግኒኑ ግን ጥቂት፣ ስታርቹም ቀላል የማይባል ነው፤ ፋጉሎ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጡት ለጣለ ግልገል የሁለቱ ድብልቅ ብቻ ቢቀርብ ከላይ ያሉትን ልኮች ሊጥስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድርቆሽ ሁልጊዜ ከፊቱ ይኑር፤ ፉርሽካው በእፍኝ ተለክቶ ማታ ይሰጥ፤ እንጀራና ዳቦ ትርፍራፊ ቢቀር ይሻላል። የሻገተ ድርቆሽ ከመስጠት ባዶ ማሳደር ይቀላል።

በክረምት መግቢያ ላይ ሜዳው ድንገት ሲለመልም ደግሞ ከደረቅ ወደ እርጥብ በአንድ ቀን መዝለል አይገባም። የታጨደው ሳር በጥላ ሥር ጠውልጎ፣ መጀመሪያ ከድርቆሹ ሩብ ያህል ተደባልቆ፣ በሳምንት ከዚያም በላይ ቀስ እየተባለ ይጨመር። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት በጠጡን ማየት ነው፤ ትልልቅ፣ ድፍንና ደረቅ ከሆነ ጭማሪው ይቀጥላል። ካነሰ፣ ከተጣበቀ ወይም ለስላሳው ሳይበላ ወለል ላይ ከቀረ ሳሩና ፉርሽካው ተነስቶ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይቀርባል።